ሁለት ዲስክ በአንድ ጣሪያ ሥር፦ ለቤቱ የመጀመሪያውን የኔትወርክ ማከማቻ ለሚገዛ ነጋዴ

በኮምፒዩተር መደብሮች መደርደሪያ ላይ ከላፕቶፑና ከራውተሩ ጎን አንድ ትንሽ ሳጥን ቦታ ከያዘ ሰንብቷል። መጠኑ ከጫማ ካርቶን ያነሰ ነው። በውስጡ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ ይይዛል፤ በኬብል ከቤቱ ራውተር ጋር ይገናኛል፤ በቤቱ ያለው ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ሁሉ ፋይሉን እዚያ ያኖራል፣ ከዚያም ያወጣል። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ ምህፃረ ቃሉ «ናስ» ይሉታል። ቃሉ ግን አንጥረኛ ከሚያውቀው ናስ ጋር ስለሚምታታ እዚህ ላይ «ማከማቻ» ብንለው ይሻላል።

ጉዳዩ ለገበያ ገጽ የሚበቃበት ምክንያት አለው። በአገራችን የነጋዴው ቤትና የነጋዴው ቢሮ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው። የሰርጉ ቪዲዮ፣ የልጆቹ የክርስትና ፎቶግራፍ፣ የቤቱ ካርታ፣ የሊዝ ውሉ፣ የዱቤ መዝገቡ፣ የግብር ደረሰኙ፣ በውጭ አገር ያለው ወንድም የላከው የውክልና ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ላፕቶፑ ሲቃጠል የሚጠፋው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። ዕቃው ይተካል፤ የሟች አባት ድምፅ ያለበት ቪዲዮና የአምስት ዓመት የዱቤ ሒሳብ ግን በየትኛውም ገበያ አይገዛም።

ማከማቻውን መግዛት ተገቢ ነው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ የዚህ ጸሐፊ መልስ «አዎን፣ ነገር ግን» የሚል ነው። ቁም ነገሩ ያለው «ነገር ግን» ላይ ነው። ብዙው ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ነው። ሻጩ ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ስለ ዲስኮቹ ብዛት ይተርክለታል፤ ገዢውም ባለ ሁለት ዲስኩን ሳጥን ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ሲያኖረው መረጃው ሁለት ቦታ የተቀመጠ ይመስለዋል። አልተቀመጠም። ሁለት ዲስክ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አደጋ በመጣ ዕለት አንድ ዲስክ ነው።

ፎገራን ለምሳሌ

ይህን ለማየት የፎገራ ሜዳ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በስተደቡብ ጉማራ፣ በስተሰሜን ርብ ከጉና ተራራ ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ሩዝ በ1970ዎቹ ወደ አካባቢው ከገባ ወዲህ ገበሬው ሌላው እህል የማይቋቋመውን ውሃ ወደ ገንዘብ ለውጦታል፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያዎች፣ የነጋዴዎችና የደላሎች ከተማ ሆናለች። በከተማዋ ያለ ነጋዴም ሆነ በአቅራቢያዋ ቁሐር ሚካኤል ላይ ቤት ያለው ሰው መረጃውን የሚያሰጉትን ነገሮች አንድ በአንድ ሊቆጥር ይችላል።

አንደኛው ውሃ ነው። ለሩዙ በረከት የሆነው ውሃ ለቤት ዕቃ በረከት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው ማፈናቀሉ ይታወሳል። ጎርፍ ሲገባ አንደኛውን ዲስክ አርጥቦ ሁለተኛውን አይምርም።

ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት መጥፋቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ የሚመለስበት ሁኔታም ጭምር ነው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ሲመለስ የሳጥኑን የኃይል ማስተላለፊያ ሊያቃጥል፣ በመጻፍ ላይ የነበረውንም ዲስክ ፋይሉን ሊያበላሽበት ይችላል።

ሦስተኛው የኢንተርኔት መቋረጥ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። የሐምሌ 28 ቀን 2015ቱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። መረጃውን ሁሉ ውጭ አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ያኖረ ሰው በእነዚያ ወራት የገዛ ውሉን ማየት አልቻለም።

አራተኛው ርቀት ነው። ወረታ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሳጥኑ ቢበላሽ መለዋወጫውም ሆነ ጠጋኙ ያለው እዚያው አዲስ አበባ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ዱባይ ነው።

እነዚህን አራቱን ስንደምር አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ማከማቻው ከኢንተርኔት መቋረጥ ያድናል፤ ምክንያቱም በቤቱ ራውተር በኩል ያለ ምንም ኢንተርኔት ይሠራል። ከውሃ፣ ከእሳትና ከሌባ ግን አያድንም። ከመብራት የሚያድነውም ብቻውን ሳይሆን ረዳት ሲኖረው ነው።

ክላውዱስ አይበቃም ወይ?

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ይነሳል። «ጉግል እያለ ሳጥን መግዛት ለምን አስፈለገ?» የሚል ነው። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለበት። ክላውድ የሚባለው አገልግሎት የርብ ጎርፍ አይደርስበትም፤ የቤት ሌባም አያገኘውም። ሆኖም ሒሳቡ መሠራት አለበት።

ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ፎቶግራፍ ያለ ገደብ በነፃ የሚያስቀምጥበት ዘመን ግንቦት 24 ቀን 2013 ላይ አብቅቷል። 2 ቴራባይት ለሚፈልግ የአሜሪካው ዋጋ በወር 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም፣ በዓመት 120 ዶላር ያህል ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ልብ ይሏል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 6,800 ብር ግድም ይሆን ነበር፤ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ ግን ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ ያው አገልግሎት ከ12,000 ብር በላይ ሆነ። ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር የሆነ ሰው በየዓመቱ የምንዛሪ አደጋ ይሸከማል። ሳጥኑም በዶላር ቢመጣ ክፍያው አንድ ጊዜ ነው።

ሌላው ፍጥነት ነው። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ መስመር ያለው ሰው 1 ቴራባይት ወደ ክላውድ ለመስቀል ያለ ማቋረጥ 23 ቀን ያስፈልገዋል። ያንኑ 1 ቴራባይት በኬብል ከላፕቶፕ ወደ ቤት ማከማቻ ማዛወር የሦስት ሰዓት ያህል ሥራ ነው።

ስለዚህ ክላውዱ መናቅ የለበትም፤ ቦታውን ማወቅ ግን አለበት። የቤት ካርታ፣ ውል፣ መታወቂያና የሒሳብ መዝገብ ሁሉ ተደምሮ ጥቂት ጊጋባይት ነው። ይህ በይለፍ ቃል ተቆልፎ በነፃው 15 ጊጋባይት ውስጥ ይገባል። ከባዱ ቪዲዮና ፎቶግራፍ የቤት ማከማቻ ይፈልጋል። ፋይሉን በቴሌግራም ለራሱ እየላከ የሚያከማች ነጋዴም መለያው በሲም ካርድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ቢያስብ መልካም ነው። ቁጥሩ ከእጁ የወጣ ዕለት ፋይሉም አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ስንት ቴራባይት?

ገበያው ገዢውን ከሚያስተው ነገር አንዱ የመጠን ጉዳይ ነው። አንድ የስልክ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢሆን 10,000 ፎቶግራፍ 40 ጊጋባይት ብቻ ነው። የሰርግ ቪዲዮ አንዱ 30 ጊጋባይት ቢሆን አሥር ሰርግ 300 ጊጋባይት ነው። ለአንድ ቤተሰብ 2 ቴራባይት ለዓመታት ይበቃል፤ 4 ቴራባይት የተትረፈረፈ ነው። ገዢው በካርቶኑ ላይ 4 ቴራባይት አንብቦ ኮምፒዩተሩ 3.6 ቢያሳየው አልተታለለም፤ ልዩነቱ የአቆጣጠር ነው።

ይህን ስሌት የሚያፈርሰው የጥበቃ ካሜራ ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 21 ጊጋባይት ይበላል። አራት ካሜራ ለ30 ቀን ቢያስቀምጥ 2.6 ቴራባይት ይሆናል። የመጋዘኑን ካሜራና የቤተሰቡን ፎቶግራፍ በአንድ ዲስክ ማኖር ዘርን ከከብት መኖ ጋር በአንድ ጎተራ እንደማኖር ነው። ለካሜራው የራሱ መቅጃ ይኑረው።

አንድ ዲስክ ወይስ ሁለት?

ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ። ባለ ሁለት ዲስክ ማከማቻ ውስጥ ዲስኮቹ ብዙውን ጊዜ «ሬይድ 1» በሚባለው ዘዴ ይሠራሉ። በአንደኛው ላይ የተጻፈው በዚያው ቅጽበት በሁለተኛውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ የገዛ ሰው ስለዚህ 8 ሳይሆን 4 ቴራባይት ይጠቀማል።

ለመሆኑ ይህ ዘዴ የሚያድነው ከምንድነው? ከዲስክ ሞት ብቻ ነው። የዲስክ ሞት ምን ያህል የተለመደ ነው? ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮቹን እየተከታተለ ውጤቱን ይፋ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የተበላሹት በዓመታዊ ስሌት 1.57 በመቶ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ያ የተስተካከለ ኃይልና ማቀዝቀዣ ባለበት አዳራሽ ነው፤ የወረታ ሳሎን ከዚያ የባሰ ቢሆን አይገርምም። ይሁን እንጂ ሌሎቹን አደጋዎች ከጎኑ እንደርድር። ልጅ በስህተት ፎልደር ቢሰርዝ፣ ስረዛው በዚያው ቅጽበት በሁለቱም ዲስክ ይፈጸማል። ቫይረስ ቢገባ ሁለቱንም ይቆልፋል። ሌባ ሳጥኑን ሲያነሳ ሁለቱንም ይወስዳል። ጎርፍና እሳትም እንዲሁ።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ብንናገር፣ ሁለተኛው ዲስክ ሳጥኑ ውስጥ ሲቀመጥ የሚገዛው የመድን ዋስትና ለአንድ ዓይነት አደጋ ብቻ ነው። ያው ዲስክ፣ በያው ዋጋ፣ ሌላ ከተማ ቢቀመጥ ለሁሉም አደጋ ዋስትና ይሆናል፤ ለዲስክ ሞትም ጭምር። ልዩነቱ የጊዜ ነው። ሳጥን ውስጥ ያለው ዲስክ ሥራ እንዳይቋረጥ ያደርጋል፤ ሌላ ከተማ ያለው ዲስክ መረጃ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ባንክና ሆስፒታል ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ሥራቸው መቋረጥ ስለሌለበት ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ቤተሰብ ግን የሰርጉን ቪዲዮ ለማየት አንድ ሳምንት ቢጠብቅ የሚጎዳው ነገር የለም። ስለሆነም ሁለት ዲስክ ለመግዛት ብቻ አቅም ያለው ሰው አንዱን ሳጥኑ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ሌላ ቦታ ያድርገው። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚለው ብሂል የተነገረው እንዲህ ላለው ነው።

ሌላው ቦታ የት ይሁን?

ሁለተኛውን ቦታ ስንመርጥ የምንጠይቀው «የትኛው አደጋ ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል?» ብለን ነው። በወረታ ከተማ ያለ ነጋዴ ሁለተኛውን ዲስክ ቁሐር ሚካኤል ዘመዱ ቤት ቢያስቀምጥ ከእሳትና ከሌባ ይድናል፤ ነገር ግን ወረታና ቁሐር ሚካኤል ክረምት የሚያገኛቸው በአንድ ሜዳ አካባቢ ነው። ደብረ ታቦር ግን ከወረታ በ900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ያላት ከተማ ናት። ከፍታው ዲስኩን አይጎዳውም፤ አምራቾች ብዙውን ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር ድረስ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ። ባሕር ዳር የሚማር ልጅ ያለው ደግሞ ለእርሱ ሊሰጥ ይችላል።

«ማን በየጊዜው ያመላልሰዋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በየሳምንቱ ተመላለሱ የሚል ምክር የሚከተለው የለም። ለፎገራ ሰው ሁለት ቀኖች ይበቃሉ፤ አንዱ ክረምቱ ሳይገባ ግንቦት ላይ፣ ሌላው ሩዙ ተሰብስቦ ሒሳብ ሲዘጋ ጥር ላይ። መንገዱ ሲፈቅድ ሄዶ አዲሱን ቅጂ ትቶ አሮጌውን ይዞ መመለስ ነው። በመካከሉ የተፈጠሩትን አስፈላጊ ወረቀቶች ክላውዱ ይይዛቸዋል። ቢበዛ የሚጠፋው የስድስት ወር ፎቶግራፍ ይሆናል፤ ሁሉም ከሚጠፋ ይህ ይሻላል።

ዲስኩ ከቤት ሲወጣ በይለፍ ቃል መቆለፍ አለበት። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አባወራው ብቻ ከሆነና እርሱ ቢሞት፣ የተቆለፈው ዲስክ ለወራሾቹ ባዶ ብረት ነው። የዱቤ መዝገቡ፣ ማን ምን እንዳለበት የሚያሳየው ሁሉ፣ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ለባለቤቱ ወይም ለታላቅ ልጁ በአደራ ይሰጥ። ከዲስኩ ጋር ግን በአንድ ኪስ አይቀመጥ።

መብራቱን አስቀድሞ

ከሁለተኛው ቅጂ ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ዩፒኤሱ ነው። ማከማቻው የሚወስደው ኃይል ጥቂት ነው፤ አነስተኛው ሞዴል ከ15 እስከ 20 ዋት ነው፣ በወር 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ስለዚህ ትልቅ ዩፒኤስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በዩ.ኤስ.ቢ. ኬብል ከማከማቻው ጋር የሚነጋገር ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ «ባትሪዬ እያለቀ ነው» ብሎ ይነግረዋል፤ ማከማቻውም ፋይሉን ዘግቶ በሥርዓት ይጠፋል። ይህ መስመር የሌለው ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪው ሲያልቅ ያለ ማስጠንቀቂያ ያጠፋዋል፤ ትርፉ አደጋውን ጥቂት ደቂቃ ማዘግየት ብቻ ነው። ገዢው ከመግዛቱ በፊት የዩፒኤሱን ጀርባ አዙሮ የዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳ መኖሩን፣ ከማከማቻውም ጋር መስማማቱን ይይ።

የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ለሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቃል፦ ሳጥኑ መፈልፈያው ግቢ አይቀመጥ። የገለባው ብናኝ የማቀዝቀዣውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ የሞቀ ዲስክም ዕድሜው አጭር ነው። በቤትም ቢሆን መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይሁን።

ሳጥኑና ዲስኩ ሲመረጡ

ወደ ሳጥኑ ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሳጥኑ ቢሞት ዲስኩን በሌላ ኮምፒዩተር ማንበብ ይቻላል ወይ?» የሚለው ነው። ጠጋኙ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ሰው ይህ ከፍጥነት ይበልጣል። ለምሳሌ የሲኖሎጂ ዲስኮች ሊኑክስ በተጫነበት ተራ ኮምፒዩተር ሊነበቡ ይችላሉ። ገዢው ሌላ ዓይነት ሲገዛ ይህንኑ ጠይቆ ይረዳ።

ሁለተኛው፣ የተሰረዘ ወይም የተበላሸ ፋይል ወደ ትናንት መልኩ የሚመለስበት «ስናፕሾት» የሚባለው አሠራር አለው ወይ የሚለው ነው። በጣም ርካሾቹ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ይህ የላቸውም።

ሦስተኛው አምራቹ ገዢውን እንዳያስር ማየት ነው። ሲኖሎጂ ራሱ በሚያዝያ 2017 ለአዳዲሶቹ «ፕላስ» ሞዴሎቹ የራሱን ስም የያዘ ወይም እርሱ የፈቀደው ዲስክ ብቻ እንዲገባ ወስኖ፣ ከደንበኞች ተቃውሞ በኋላ በመስከረም 2018 ባወጣው ሶፍትዌር ውሳኔውን አላልቷል። መልካም ስም ያለው ኩባንያም ቢሆን ደንቡን በአንድ ማለዳ ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ዲስክ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ማንኛውንም ዲስክ የሚቀበል ሳጥን ይመረጣል።

ዲስኩን በተመለከተ ገበያው ውስጥ ሁለት ወጥመድ አለ። በሚያዝያ 2012 ዌስተርን ዲጂታል ለማከማቻ ብሎ በሚሸጣቸው አንዳንድ «ሬድ» ዲስኮች ውስጥ «ኤስ.ኤም.አር.» የተባለውን ዘዴ ለገዢ ሳይገልጽ መጠቀሙ ተጋልጦ ነበር። ዘዴው መረጃውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ እየደረበ ይጽፋል። ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር ጎረቤቱን ማንሳት ግድ ስለሚል በከባድ ሥራ ጊዜ እጅግ ይዘገያል። ገዢው «ሲ.ኤም.አር.» የሚለውን ይጠይቅ፤ «ሬድ ፕላስ» እና የሲጌት «አይረን ዎልፍ» ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ወጥመድ አሮጌን አዲስ ብሎ መሸጥ ነው። በጥር 2017 በጀርመን ገበያ ሳይቀር ለዓመታት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች የሥራ ሰዓታቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። ጀርመን ላይ ይህ ከሆነ እኛ ዘንድ የታሸገ ካርቶን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የዲስኩ መለያ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይታይ፤ የሥራ ሰዓቱም ሱቁ ውስጥ እያሉ በኮምፒዩተር ይነበብ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ዲስኩን ለራሱ ያስቀር።

በሩን ዘግቶ መቀመጥ

ሻጮች እንደ ትልቅ ጥቅም የሚያወሩት ነገር «ዱባይ ሆነው የቤትዎን ፋይል ያያሉ» የሚለው ነው። ለመጀመሪያ ገዢ የዚህ ጸሐፊ ምክር ይህን በር አይክፈቱ ነው። በሰኔ 2013 ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማሻሻያ ያልተደረገላቸውና ለኢንተርኔት የተከፈቱ የዌስተርን ዲጂታል «ማይ ቡክ ላይቭ» ባለቤቶች ማለዳ ሲነሱ ፋይላቸው ሁሉ ከሩቅ ተጠርጎ አገኙት። በጥር 2014 «ዴድቦልት» የተባለው ቫይረስ የኪውናፕ ማከማቻዎችን ቆልፎ ከየባለቤቱ 0.03 ቢትኮይን ቤዛ ጠይቋል። የተጎዱት መሣሪያቸው በቀጥታ ከኢንተርኔት ይታይ የነበረ ሰዎች ናቸው። ከሩቅ ማየት የግድ የሚያስፈልገው ሰው በባለሙያ ያሠራ፤ ሌላው ማሻሻያውን በየጊዜው እየጫነ በቤቱ ውስጥ ብቻ ይጠቀም።

የገንዘቡ ተራ

እንግዲህ ነገሩን ወደ ኪስ እናምጣው። ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው የግዢው ተራ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ተራ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለሌላ ከተማ። ቀጥሎ ዩፒኤስ። ሦስተኛ ሳጥኑ ከአንድ ዲስክ ጋር። በመጨረሻ፣ ገንዘብ ከተረፈ፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ሁለተኛ ዲስክ። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ መቅረት ያለበት ሳጥኑ እንጂ የደብረ ታቦሩ ዲስክ አይደለም።

ይህ ተራ ሻጩን ላያስደስት ይችላል፤ ትርፍ ያለው ሳጥኑ ላይ ነውና። ሆኖም ብልህ ሻጭ ሳጥኑን፣ ዩፒኤሱንና የሚንቀሳቀሰውን ዲስክ አንድ ላይ አድርጎ፣ አጠቃቀሙን አሳይቶ ቢሸጥ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። መረጃው የጠፋበት ደንበኛ ግን ሁለተኛ አይመጣም፤ ጎረቤቱንም ይዞበት ይቀራል።

ደንበኛውም የገዛው መድን መሥራቱን ሳይፈትን አይተኛ። ከደብረ ታቦር የተመለሰውን ዲስክ ሰክቶ አንድ ቪዲዮ ከፍቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያልተከፈተ ቅጂ እንዳልተቆጠረ ገንዘብ ነው። ግንቦት ሳይወጣ፣ ጉማራና ርብ ሳይሞሉ፣ ይህን አምስት ደቂቃ መስጠት «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ ነው።